ሰርቨሩም የቤት ስም አለው

ነገሩ የጀመረው በአንድ የባክአፕ ሪፖርት ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሥራን በሰዓቱ በሚያስጀምረው ክሮን ላይ 2 ተብሎ የተጻፈው መሆኑ ነው፣ ሰርቨሩ የመረጃ ቋቱን ቅጂ ያስቀምጥና «ጨርሻለሁ» የሚል ኢሜይል ለሁለት ሰው ይልካል። አንዱ እዚያው ሰርቨር ላይ አካውንት ያለው ባለሙያ ነው፤ ሌላዋ ውጭ ባለው የድርጅቱ ኢሜይል የሚጠቀሙ ኃላፊ ናቸው። የባለሙያው ጠዋት ጠዋት ይደርሳል። የኃላፊዋ አይደርስም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ «ሁሉ ደህና ነው» የሚል መልእክት ሲቀር ማን ልብ ይላል?

የታወቀው ዲስኩ ሞልቶ ባክአፑ በቆመ ጊዜ ነው። ባለሙያው እረፍት ላይ ነበር፤ «አልተሳካም» የሚለው ኢሜይል ደግሞ እንደ ወትሮው ኃላፊዋ ዘንድ አልደረሰም። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ግን ይህ አይደለም። ሰርቨሩ ዝም አላለም ነበር። ወደ ውጭ የላከው እያንዳንዱ ኢሜይል በአምስተኛው ቀን «ሊደርስ አልቻለም» ተብሎ ተመልሶለታል። የተመለሰው ወደ ሩት፣ ማለትም ወደ ሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት፣ ሳጥን ነው፤ ያንን ሳጥን የሚከፍት ሰው የለም። ሕመሙን ለራሱ ሲያወራ ከርሟል።

ምክንያቱ የስም ጉዳይ ነበር። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ሁለት ስም አለው፤ ቤት ውስጥ ማሙሽ ወይም ሚሚ፣ መታወቂያው ላይ ሌላ። ማሙሽ ብላችሁ ሰፈር ውስጥ ብትጣሩ አቤት ይላል። ባንክ ሄዶ ቅጹ ላይ ማሙሽ ብሎ ቢሞላ ግን ብሩ አይወጣለትም፤ ገንዘብ ከፋዩዋ ክፉ ሆና ሳይሆን ማሙሽ የሚባል ደንበኛ መዝገቧ ውስጥ ስለሌለ ነው። ሰርቨሩም «ኤስአርቪ1.ሎካልዶሜይን» የሚባል የቤት ስም ነበረው። እዚያው ለእዚያው ይሠራል። የቤት አመል ገበያ ይወጣል እንዲሉ፣ ያው ስም ሳይታጠብ ሳይለብስ ውጭ ወጣ።

ከዚህ በታች ያለው ፖስትፊክስ በሚባለው የኢሜይል መላኪያ ፕሮግራም ላይ የተመሠረተ ነው፤ ብዙ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ የምታገኙት እሱን ስለሆነ። የሴቲንግና የትእዛዝ ስሞችን በአነባበባቸው አስቀምጫለሁ፤ «ድርጅት.ኮም» ያልኩበት ቦታ የራሳችሁን ዶሜይን ተኩ።

ፖስታው ሌላ፣ ደብዳቤው ሌላ

የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም። ደብዳቤው ላይ የድርጅቱ ስም በራስጌ ታትሟል፣ ቁጥርና ቀን አለው፣ ግርጌው ላይ ማህተም አርፎበታል። ፖስታው ላይ ደግሞ ላኪና ተቀባይ ለብቻቸው ይጻፋሉ። ፖስታ ቤቱ የሚያየው ፖስታውን ነው፤ ባለጉዳዩ የሚያነበው ደብዳቤውን። ኢሜይልም ሁለት ላኪ አለው። ሰርቨር ከሰርቨር ሲነጋገር «ሜይል ፍሮም» ብሎ የሚያስታውቀው የፖስታው ላኪ ነው። ኢሜይሉን ከፍታችሁ «ፍሮም» ከሚለው ጎን የምታዩት የደብዳቤው ላኪ ነው። ሁለቱ አንድ እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም።

ልዩነቱ ለምን እንደሚያስጨንቅ የሚገባው ማን የትኛውን እንደሚያይ ሲታወቅ ነው። ያልደረሰ ኢሜይል የሚመለሰው ወደ ፖስታው ላኪ ነው። ተቀባዩ «መልስ» ሲጫን ደግሞ የሚሄደው ወደ ደብዳቤው ላኪ ነው፤ «ሪፕላይ-ቱ» ከተጻፈ ወደዚያ። ኤስፒኤፍ፣ በአንድ ዶሜይን ስም ማን እንዲልክ እንደተፈቀደ የሚናገረው መዝገብ፣ የሚፈትሸው የፖስታውን ዶሜይን ነው። ዲማርክ የሚባለው የማጣሪያ ደንብ ከደብዳቤው ይነሳና ፖስታው ወይም ዲኪም የሚባለው የኢሜይሉ ዲጂታል ማህተም ከደብዳቤው ዶሜይን ጋር ይስማማ እንደሆነ ይጠይቃል። የመጨረሻው ተቀባይ ሰርቨር የፖስታውን ላኪ «ሪተርን-ፓዝ» በሚል መስመር ኢሜይሉ አናት ላይ ይጽፈዋል፤ ጂሜይል ላይ «ኦሪጅናሉን አሳይ» ስትሉ ታገኙታላችሁ።

የባክአፑ ስክሪፕት የደብዳቤውን ላኪ በትክክል ጽፎ ነበር፦ «ባክአፕ@ድርጅት.ኮም»። ስክሪፕቱን የሚከፍት ሁሉ ይህንን መስመር ያይና «ላኪውማ ትክክል ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ፖስታውን የሞላው ሌላ ነው። ስክሪፕቱን የሚያስኬደው ተጠቃሚ ሩት ስለሆነ ፖስታው ላይ የተጻፈው ሩት ነው።

አንዲት የሎግ መስመር

ደብያንና ኡቡንቱ ላይ ሎጉ ያለው /ቫር/ሎግ/ሜይል.ሎግ ውስጥ ነው፤ በሬድ ሃት ወገን ደግሞ /ቫር/ሎግ/ሜይልሎግ። ፋይሉ ከሌለ ጆርናልሲቲኤል በሚባለው ትእዛዝ ፈልጉት። የኃላፊዋን አድራሻ ስትፈልጉ የምትወጣው መስመር መጨረሻዋ ላይ እንዲህ ትላለች፦

«ዲኤስኤን=4.1.8፣ ስታተስ=ዲፈርድ … 450 4.1.8 <ሩት@ኤስአርቪ1.ሎካልዶሜይን>፦ ሴንደር አድሬስ ሪጀክትድ፦ ዶሜይን ኖት ፋውንድ … ኢን ሪፕላይ ቱ አርሲፒቲ ቱ ኮማንድ»

ይህችን መስመር ቀስ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። የመጨረሻዋ ሐረግ አሳሳች ናት። «አርሲፒቲ ቱ» ተቀባዩ የሚነገርበት ደረጃ ስለሆነ ብዙ ሰው እሷን ሲያይ የተቀባዩ አድራሻ ተሳስቷል ብሎ እሱን ሲፈትሽ ይውላል። እውነቱ ሌላ ነው። ማዶ ያለው ሰርቨርም ፖስትፊክስ ነው፤ ፖስትፊክስ ደግሞ የላኪው ስም እንዳልተስማማው ቢያውቅም ተቀባዩ እስኪነገረው ታግሶ ነው እምቢ የሚለው። «ኤስኤምቲፒዲ_ዲሌይ_ሪጀክት» የሚባለው ሴቲንግ ሳይነካ «የስ» ሆኖ ስለሚመጣ ነው። ይህን የሚያደርገው ማን ለማን ሊልክ እንደነበር ሎጉ ላይ እንዲመዘገብ ነው። ስለዚህ ማንበብ ያለባችሁ መልሱ የመጣበትን ደረጃ ሳይሆን በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የታሰረውን አድራሻ ነው። እዚያ ያለው የላኪው ነው፤ እሱም ስክሪፕቱ ላይ የተጻፈው አይደለም።

ነገሩ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ሲፈተሽ የከረመው አድራሻ ሌላ፣ የተባረረው አድራሻ ሌላ።

ሁለተኛው ፍንጭ ቁጥሩ ነው። በ5 የሚጀምር መልስ የመጨረሻ ነው፤ ኢሜይሉ ወዲያው ይመለሳል። በ4 የሚጀምር «አሁን አይሆንም፣ ቆይተህ ና» ማለት ነው። ዶሜይኑ ያልተገኘው ዲኤንኤሱ፣ ማለትም የዶሜይን ስሞች መዝገቡ፣ ለጊዜው ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ፖስትፊክስ በነባሪ 450 ብሎ ይመልሳል። ላኪው ሰርቨርም እንደታዘዘው ይመላለሳል፤ በሁለት ሙከራ መሃል መጀመሪያ 300 ሰከንድ ይጠብቃል፣ ክፍተቱ እየሰፋ እስከ 4000 ሰከንድ ይደርሳል፣ እንዲህ እያለ አምስት ቀን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ለማንም «ዘግይቷል» አይልም፤ «ዲሌይ_ዋርኒንግ_ታይም» ሳይነካ ዜሮ ነውና። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ የኢሜይል ወረፋ ግን ከሁለቱም ይብሳል፤ ይዞ ዝም ይላል።

ሦስተኛው «ሎካልዶሜይን» የሚለው ቃል ነው። ማንም አልጻፈውም። ሰርቨሩ ሲተከል ስሙ «ኤስአርቪ1» ብቻ ተባለ፣ ነጥብ የለውም። ፖስትፊክስ ነጥብ የሌለው ስም ሲያገኝ «ማይዶሜይን» ለሚለው ሴቲንግ «ሎካልዶሜይን» የሚል ዋጋ ከራሱ ይሰጣል፣ እሱንም የማሽኑ ስም ላይ ይቀጥላል። «ማይኦሪጂን» ማለት ደግሞ አት ምልክት የሌለው ላኪም ሆነ ተቀባይ ሲገኝ የሚቀጠልለት ዶሜይን ነው፤ ካልተነገረው «ማይሆስትኔም»ን ይወስዳል። ደብያን ላይ ብዙ ጊዜ /ኢቲሲ/ሜይልኔም ከሚባል ፋይል ይነበባል፤ እሱም ፋይል ሲተከል የተሰጠውን ስም እንደያዘ ይቀራል። እንዲህ ተያይዞ ባዶው «ሩት» ተነስቶ «ሩት@ኤስአርቪ1.ሎካልዶሜይን» ሆነ። የእናንተ ምን እንደሆነ «ፖስትኮንፍ ማይሆስትኔም ማይዶሜይን ማይኦሪጂን ማይዴስቲኔሽን» ብላችሁ በአንድ ትእዛዝ አውጡት። «ፖስትኮንፍ -ኤን» ደግሞ የፖስትፊክስ ዋና የሴቲንግ ፋይል በሆነው ሜይን.ሲኤፍ ውስጥ በእጅ የተቀመጠውን ብቻ ያሳያል፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ምን ምን እንደነካካ የምታዩበት ነው።

አቋራጩ የሚወስድበት ቦታ

ሁሉም መጀመሪያ የሚያደርገው «ማይኦሪጂን»ን ወደ «ድርጅት.ኮም» መቀየር ነው። የውጩ ኢሜይል ወዲያው ይደርሳል፤ ሰውም ተደስቶ ይሄዳል። ማግስቱን የውስጡ ይጠፋል።

ለምን? «ማይኦሪጂን» ላኪ ብቻ አይመርጥም። ክሮን «ለሩት» ብሎ የሚልከው ኢሜይል አሁን «ሩት@ድርጅት.ኮም» ሆኖ ይወጣል። «ድርጅት.ኮም» ደግሞ ማሽኑ የራሴ የሚላቸው ዶሜይኖች በሚዘረዘሩበት «ማይዴስቲኔሽን» ውስጥ የለም፤ የድርጅቱ የመልእክት ሳጥኖች ያሉት ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ ለሩት የተባለው ሁሉ ወደ ውጭ ይወጣል፣ እዚያ ሩት የሚባል ሳጥን የለም፣ «550 5.1.1» ተብሎ ይመለሳል። የተመለሰውም ለሩት ነው፤ እሱም እንደገና ወደ ውጭ። /ኢቲሲ/አሊያስስ ውስጥ ሩትን ለአንድ ሰው መድባችሁ ቢሆን እንኳ አይጠቅምም፤ ያ ፋይል የሚታየው ማሽኑ የራሴ ለሚላቸው ዶሜይኖች ብቻ ነው።

ሁለተኛው አቋራጭ የመጀመሪያውን ለማረም የሚደረገው ነው፤ «ድርጅት.ኮም»ን «ማይዴስቲኔሽን» ላይ መጨመር። ከእጅ አይሻል ዶማ። አሁን ሰርቨሩ የድርጅቱ ዶሜይን የእኔ ነው ብሎ ያምናል። ለኃላፊዋ ሲላክ ወደ ውጭ አይወጣም፤ እዚያው ማሽን ላይ በስማቸው የተከፈተ አካውንት ይፈልግላቸውና ሲያጣ «አንኖውን ዩዘር» ብሎ ይመልሰዋል። በጣም የሚያደናግረው ለሌላው ዓለም ሁሉ የሚላከው መድረሱ ነው። ለጂሜይል ይደርሳል፣ ለያሁ ይደርሳል፣ ለራስ ባልደረባ ብቻ አይደርስም። ድረ ገጻቸው አንድ ቦታ፣ ኢሜይላቸው ሌላ ቦታ የሆነ ድርጅቶች ላይ ይህ ስህተት ሞልቷል፤ «የድረ ገጹ ቅጽ ለእኛ ብቻ አይልክም» የሚል ቅሬታ ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ለማጣራት «ሴንድሜይል -ቢቪ» ብላችሁ ከጎኑ አድራሻውን ጻፉ። ኢሜይሉን ሳይልክ የት ሊያደርሰው እንዳሰበ ሪፖርት ይልክላችኋል፤ ለባልደረባችሁ አድራሻ «ሎካል» ካለ ሌባው ተይዟል።

ስሙ የሚቀየረው በር ላይ ነው

ማሙሽ ቤት ውስጥ ስሙን አይቀይርም። መታወቂያውን ኪሱ ከትቶ ሲወጣ ብቻ ነው ሌላ የሚሆነው። ፖስትፊክስ ውስጥ ይህንን የሚሠራው «ኤስኤምቲፒ_ጀነሪክ_ማፕስ» ነው፤ ከስሪት 2.2 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2005 ወዲህ አለ። ሥራውን የሚሠራው ኢሜይሉን ወደ ሌላ ማሽን የሚያወጣው ክፍል ነው። እዚያው የሚደርስ ኢሜይል በዚያ በር አያልፍም፣ ስለዚህ አይነካም። የፖስትፊክስ መመሪያም ትክክለኛ የኢንተርኔት ስም ለሌላቸው ማሽኖች የሚመክረው ይህንኑ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። /ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ጀነሪክ የሚል ፋይል ክፈቱና በግራ የቤቱን፣ በቀኝ የአደባባዩን ስም ጻፉ፦

ሩት@ኤስአርቪ1.ሎካልዶሜይን    ሰርቨር+ኤስአርቪ1@ድርጅት.ኮም
@ኤስአርቪ1.ሎካልዶሜይን    ሰርቨር@ድርጅት.ኮም

ሁለተኛው መስመር በስም ያልተጠቀሰውን ሁሉ ያጠምዳል፤ ነገ ሌላ ፕሮግራም በሌላ ተጠቃሚ ስም ቢልክ አይሾልክም። የመደመር ምልክቱ ከብዙ ሰርቨር የሚመጣውን ለመለየት ነው፤ የኢሜይል አስተናጋጃችሁ ከመደመር በኋላ ያለውን ቸል ብሎ ወደ «ሰርቨር» ሳጥን የሚያስገባ መሆኑን ግን አስቀድማችሁ ሞክሩ። «ሰርቨር@ድርጅት.ኮም» በእርግጥ የሚገኝ፣ ሰው የሚያነበው ሳጥን መሆን አለበት። የሌለ አድራሻ እዚህ ማስገባት ችግሩን አንድ ደጅ ወዲያ መግፋት ነው።

ከዚያ «ፖስትማፕ ሃሽ:/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ጀነሪክ»፣ ሜይን.ሲኤፍ ውስጥ «ኤስኤምቲፒ_ጀነሪክ_ማፕስ = ሃሽ:/ኢቲሲ/ፖስትፊክስ/ጀነሪክ»፣ በመጨረሻ «ፖስትፊክስ ሪሎድ»። አዳዲስ ስርጭቶች ላይ «ሃሽ» አልታወቀም ቢላችሁ «ፖስትኮንፍ -ኤም» ምን ምን እንዳለ ይዘረዝራል፤ ብዙ ጊዜ በቦታው «ኤልኤምዲቢ» ታገኛላችሁ። ፋይሉን ባረማችሁ ቁጥር ፖስትማፕን መድገም አትርሱ፤ የሚነበበው የጻፋችሁት ጽሑፍ ሳይሆን ከእሱ የተሠራው ሁለተኛው ፋይል ነው። መልሱን ለማየት «ፖስትማፕ -ኪው» ብላችሁ አድራሻውን ጠይቁ። የሙሉ አድራሻው ጥያቄ ባዶ ከመለሰ አትደንግጡ፤ የሁለተኛውን መስመር ለማግኘት ጥያቄው ራሱ ከአት ምልክቱ መጀመር አለበት።

አሁን ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ ሁሉን የሚያፈርስበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ሁሉን በትክክል ሠርታችሁ፣ ሙከራ ልካችሁ ሎጉን ስትከፍቱ አሁንም «ፍሮም=<ሩት@ኤስአርቪ1.ሎካልዶሜይን>» ይላል። አልሠራም ማለት አይደለም። ያንን መስመር የሚጽፈው ወረፋውን የሚያስተዳድረው ክፍል ነው፤ ስሙ የሚቀየረው ከእሱ በኋላ፣ ኢሜይሉ ሲወጣ ነው። በመዝገቡ ውስጥ ማሙሽ ማሙሽ ነው። ትክክለኛ ፍርድ የሚገኘው ማዶ ሄዶ፣ የደረሰውን ኢሜይል ከፍቶ «ሪተርን-ፓዝ»ን በማንበብ ብቻ ነው።

በር ላይ መቀየሩ ሌላም ጥቅም አለው። ወረፋ ላይ ተከምረው የሚጠብቁት አሮጌዎቹ ኢሜይሎች «ፖስትኪው -ኤፍ» ሲባሉ በአዲሱ ስም ይወጣሉ። «ካኖኒካል_ማፕስ»ን ብትመርጡ ግን ቅየራው የሚደረገው ኢሜይሉ ወረፋ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ስለዚህ አስቀድመው የገቡትን «ፖስትሱፐር -አር ኦል» ብላችሁ እንደ አዲስ ማስገባት አለባችሁ። ካኖኒካል የውስጡንም ይቀይራል። ባለሙያው ከሩት የመጣለትን ሲመልስ መልሱ ወደ ውጭ ይወጣል ማለት ነው። አንዳንዴ የሚፈለገው እሱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን አይደለም።

ጀነሪክ የማይመችበት አንድ ሁኔታ አለ። የዲኪም ማህተም እዚያው ማሽን ላይ፣ ለምሳሌ በኦፕንዲኪም፣ የምታትሙ ከሆነ ማህተሙ የሚያርፈው ኢሜይሉ ወደ ወረፋ ሲገባ ነው። በኋላ በር ላይ የደብዳቤው «ፍሮም» ሲቀየር ማህተሙ ይፈርሳል። እንዲህ ከሆነ የደብዳቤውን ላኪ ስክሪፕቱ ራሱ ትክክል አድርጎ ይጻፈው፤ ጀነሪክ የሚነካው ፖስታውን ብቻ ይሆናል፣ ፖስታው ደግሞ ማህተሙ ውስጥ የለም። ወይም ማተሙን ለሚያስተላልፍላችሁ ሰርቨር ተዉለት።

በፖስትፊክስ ፋንታ ኤግዚም ለምትጠቀሙ፣ ደብያን ላይ ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው /ኢቲሲ/ኢሜይል-አድሬስስ የሚባለው ፋይል ነው።

የየራሳቸው ሐሳብ ያላቸው ፕሮግራሞች

ፒኤችፒ ላይ «ሜይል» የሚባለውን ፋንክሽን የሚጠቀም ድረ ገጽ የደብዳቤውን ላኪ ሲጽፍ ፖስታውን ይረሳዋል፤ ፖስታው ላይ የዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ ስም፣ ደብያን ላይ «ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ»፣ ይቀመጣል። ማስተካከያው አምስተኛው ፓራሜትር ነው፦ «-ኤፍ» ተጽፎ ሳይለያይ አድራሻው ይከተለዋል። ፒኤችፒሜይለር የሚጠቀሙ «ሴንደር» የሚለውን ይሙሉ። ዎርድፕረስ ካልነገራችሁት «ዎርድፕረስ@» ብሎ የድረ ገጹን ዶሜይን ይቀጥላል፤ እንዲህ የሚባል ሳጥን ያለው ድርጅት ስንት ነው? የቅጹ ፕሮግራም የጎብኚውን አድራሻ «ፍሮም» ላይ የሚያስቀምጥ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ አስተዉት። የጎብኚው አድራሻ ቦታው «ሪፕላይ-ቱ» ነው። በሰው ስም የተላከ ደብዳቤ የዲማርክ ሲሳይ ነው።

ውጭ ያለው ዘበኛ

ስሙ ተስተካክሎ ከወጣ በኋላ ያለው ጥያቄ «በዚህ ስም እንድትልክ ማን ፈቀደልህ?» ነው። የኤስፒኤፍ መዝገባችሁ የዚህን ሰርቨር አይፒ ወይም የሚያስተላልፍላችሁን ድርጅት መጥቀስ አለበት። አንድ ዶሜይን አንድ የኤስፒኤፍ መዝገብ ብቻ ነው ሊኖረው የሚችለው፤ ሁለተኛ ከጨመራችሁ ሁለቱም ይበላሻሉ። መዝገቡ ሲነበብ የሚደረገው የዲኤንኤስ ጥያቄም ከ10 መብለጥ የለበትም፤ «ኢንክሉድ» እየደረደሩ ሳይታወቅ የሚታለፍ ገደብ ነው። ጉግል ከየካቲት 2024 ጀምሮ ለጂሜይል የሚልክ ሁሉ ኤስፒኤፍ ወይም ዲኪም እንዲኖረው ይጠይቃል፤ በቀን 5000 እና ከዚያ በላይ የሚልክ ደግሞ ሁለቱንም፣ ዲማርክንም ጨምሮ።

«ኤስፒኤፍ ፓስ» የሚል ማየት ብቻውን አያስተማምንም። ፖስታው ላይ የሆስቲንግ ድርጅቱ ዶሜይን ካለ ኤስፒኤፍ የሚያልፈው በእነሱ ስም ነው፤ ደብዳቤው ላይ የእናንተ ስም ስላለ ዲማርክ አይስማማም፣ ዲኪም ካልደረሰላችሁ በቀር ይወድቃል።

በአካውንት እየገቡ በ587 ፖርት የሚልኩ ሰዎች ሌላ ዘበኛ ይገጥማቸዋል። ማይክሮሶፍት 365 ከገባችሁበት አካውንት የተለየ ላኪ ሲያይ «5.7.60» ብሎ ይመልሳል፤ ለአካውንቱ በሌላው ስም የመላክ ፈቃድ ማሰጠት ያስፈልጋል። ጂሜይል ደግሞ አይጣላም፤ አሊያስ ሆኖ ያልተመዘገበ ላኪ ሲያገኝ «ፍሮም»ን ዝም ብሎ በገባችሁበት አካውንት ይተካዋል። እኔ የማይክሮሶፍቱን እመርጣለሁ፤ እምቢ ያለኝ ሰው ቢያንስ እምቢ እንዳለኝ አውቃለሁ።

በፊደላችን ሲጻፍ

ከአድራሻው ጎን የሚታየውን ስም በአማርኛ መጻፍ የሚፈልግ ብዙ ነው፣ ይገባልም። የኢሜይል ራስጌ ግን የእኛን ፊደል ተጠቅልሎ ነው የሚቀበለው፤ መጠቅለያው ራሱን ጨምሮ ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። መጠቅለያው 12 ምልክት ይወስዳል፣ 63 ይቀራል። ቤዝ64 በአራት አራት ስለሚሄድ የሚጠቅመው 60 ነው፣ ይህም 45 ባይት ይይዛል። አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ነው። ስለዚህ በአንድ ጥቅል የሚገባው 15 ፊደል ብቻ ነው።

«የሰው ሀብት አስተዳደር ዳይሬክቶሬት»ን ውሰዱ። 19 ፊደልና 3 ክፍተት፣ ባጠቃላይ 60 ባይት ነው፤ አንድ ጥቅል አይበቃውም። ለሁለት ሲከፈል መቆረጥ ያለበት በፊደል መሃል ሳይሆን በፊደልና በፊደል መካከል ነው። በእጅ ቤዝ64 የሚሠሩ ስክሪፕቶች ይህን አያውቁም፤ ባይቱን በየ45 ሲቆርጡ ይህኛው ስም ክፍተቱ ልክ ሦስት ስለሆነ በዕድል ያመልጣል፤ ከመቁረጫው በፊት ያለው ክፍተት አንድ ወይም ሁለት ሲሆን ግን ቁጥሩ ይዛባና አንዱ ፊደል ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ተቀባዩ ጋ ስሙ መሃል ላይ የጥያቄ ምልክት የያዘ ጥቁር አልማዝ ይታያል። የፓይተን «ኢሜይል» ሞጁልን የመሰለ በትክክል የሚጠቀልል ነገር ተጠቀሙ፣ አለዚያም ስሙን አሳጥሩ።

በላቲን ፊደል የሚጽፉም አያምልጡ። ስሙ ውስጥ ኮማ ካለና በጥቅስ ምልክት ካልታሰረ፣ ኮማው ሁለት ላኪ እንዳለ ተደርጎ ይነበባል። ፖስትፊክስም አት ምልክት የሌለውን የመጀመሪያውን ቁራጭ ሲያይ ደግነት ተሰምቶት «ማይኦሪጂን»ን ይቀጥልለታል። ከየት መጣ የማይባል ሁለተኛ ላኪ፣ ያውም በቤት ስሙ፣ «ፍሮም» ላይ ይቀመጣል። የእኛ ነጠላ ሰረዝ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባትም።

ከፖስታውም በፊት

ፖስታውም ደብዳቤውም ተስተካክሎ አንዳንድ ሰርቨር አሁንም «450 4.7.1 … ሄሎ ኮማንድ ሪጀክትድ፦ ሆስት ኖት ፋውንድ» ሊል ይችላል። ሰርቨር በር ሲያንኳኳ ከፖስታው በፊት «ሄሎ፣ እኔ እገሌ ነኝ» ይላል፤ ጀነሪክ ይህንን ሰላምታ አይነካም። የቤቱ ስም እዚህ ቀርቷል። ጣጣው ከሰላምታም ያልፋል። ሰርቨራችሁ ያልደረሰ ኢሜይል ሲመልስ የሚጽፈው ማስታወቂያ ፖስታው ላይ ላኪ የለውም፣ ባዶ ነው፤ ያኔ ኤስፒኤፍ የሚፈተሸው በሄሎ ስሙ ነው። ሜይን.ሲኤፍ ውስጥ «ኤስኤምቲፒ_ሄሎ_ኔም»ን ዲኤንኤስ ላይ ወደዚህ አይፒ የሚያመለክት ስም አድርጉት፣ ለምሳሌ «ኤስአርቪ1.ድርጅት.ኮም»። የአይፒው የኋሊት መዝገብም ያንኑ ስም እንዲመልስ የአይፒውን ባለቤት፣ ማለትም የኢንተርኔት አቅራቢያችሁን ወይም ሆስቲንግ ድርጅቱን፣ ጠይቁ፤ ያንን እናንተ ከዶሜይናችሁ ፓነል ልታደርጉት አትችሉም።

እግረ መንገዳችሁን «ዲሌይ_ዋርኒንግ_ታይም = 4ኤች» ጻፉ። /ኢቲሲ/አሊያስስ ላይ ሩትን ሰው ለሚያነበው አድራሻ መድቡና «ኒውአሊያስስ» በሉ። «ማይሆስትኔም»ን ግን ለማሳመር ብላችሁ አትንኩት፤ «ማይዴስቲኔሽን»ም ጀነሪክ ፋይሉም የቆሙት በእሱ ላይ ነው። መቀየር ግድ ከሆነ ፋይሉን በዚያው ሰዓት ክፈቱና የግራውን ዓምድ አብራችሁ አርሙ፣ ፖስትማፕንም ድገሙ፤ አለዚያ እዚያ የተጻፈው ስም ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የማንም አይደለም፣ ኢሜይሉም በአዲሱ የቤት ስሙ ይወጣል።